«የለም» የማይባልበት ቤት

ከጊምቢቹ ወደ ጃጁራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባህር ዛፎቹ ካለቁ በኋላ በምትመጣው ጠመዝማዛ ላይ፣ የሃቢባ አልጋ ቤት አለ። አልጋ ቤት የሚሉትም ሲያሞግሱት ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው የማያነጋግር ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በሰማያዊ ቀለም ከአንድ እስከ አምስት የተጻፈባቸው አምስት በሮች፣ ከመንገዱ ጋር ተፋጦ የተሰቀለ አንድ የበርሜል ክዳን፤ በቃ ይኸው ነው። ክዳኑ ላይ «አልጋ አለ» ይላል። ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ክዳን ላይ ነው፤ በዚያ ቤት አልጋ ሁልጊዜ አለ። ስድስተኛ እንግዳ ሲመጣ ስድስተኛ በር ይመጣል። በገበያ ዋዜማ አስራ አንድ ሰው ቢያድር በሩ አስራ አንድ ይሆናል፤ ጠዋት እንግዳው ፊቱን ታጥቦ ሲሄድ በሩም አብሮት ይሄዳል። የአካባቢው ሰው ይህን ተደንቆ ከጨረሰ ቆይቷል። በሮቹን ሁለቴ የሚቆጥረው አዲስ ሹፌር ብቻ ነው።

ይህን ቤት ዛሬ የምታስተዳድረው ረምላ ፈትሁዲን ናት። ዕድሜዋ አስራ ሰባት ነው። ጠዋት ጊምቢቹ ትማራለች፣ ከሰዓት አንሶላ ታጥባለች፣ ማታ የሹፌሮችን ጭቃ ከወለሉ ላይ ትፍቃለች። አፏ ፈጣን ነው፤ አንድ የአይሱዙ ሹፌር «ትራሱ ጠነከረብኝ» ቢላት «ጭንቅላትህን ያየ ትራስ ምን ያድርግ» ብላ የመለሰች ልጅ ናት። ቤቱን ያቋቋሙት የአባቷ እህት ሃቢባ ከዚህ ዓለም ከተለዩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አባቷ ከዚያም በፊት ነው የሞቱት። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ የቀሩት ረምላ፣ እናቷ ዘሀራ እና ታላቅ ወንድሟ ፉአድ ነበሩ።

ሃቢባ ለረምላ ያወረሷት ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ እዚህ ቤት ውስጥ «የለም» አይባልም። ምክንያቱንም ሲያስረዱ ቤቱን እንደ ሰው እያሙ ነበር። ቤቱ ሀዲይኛውን ከእንጨቱና ከጭቃው ጋር ይዞት የተወለደ ነው፤ በሀዲይኛ ምንም ብትለው ሐሳብህን ይረዳል። አማርኛውን ግን ያነሳው ከሹፌሮች ነው፤ እንደ ብዙዎቻችን፣ በሰማው ልክ። «የለም» ማለት ለጊዜው ወጣ ማለትም እንደሆነ፣ አለቀ ማለትም እንደሆነ፣ እንዲሁ «አይደለም» ለማለት እንደሚነገርም አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ትርጉም ነው፦ ጠፋ። ጠፋ ሲሉት ያጠፋል።

ስለዚህ በሃቢባ ቤት «ስኳር አለ?» ብሎ ለጠየቀ፣ ስኳሩ ካለቀ፣ መልሱ «ገበያ ሄዷል» ነው። ሳሙናም ገበያ ይሄዳል። መብራትም ገበያ ይሄዳል። ኔትወርክማ ገበያ ውሎ ገበያ ያድራል። እንግዶቹ ለምደውት በየቤታቸው ሁሉ ይናገሩት ጀምረው ነበር።

ሕጉ አንዴ ተጥሷል። ገነቴ የምትባል ሠራተኛ ድካም ጥሏት ሳለ መስኮት ላይ ለቆመ መንገደኛ «አልጋ የለም» አለችው። ያን ጊዜውኑ አራት ቁጥር በር ከነክፍሉ ጠፋ፤ ውስጡ የአንድ ቅቤ ነጋዴ ቅቤና ጫማ ነበር። ሰውየው እግሩን ሊታጠብ ውጭ ወጥቶ ስለነበር ሦስት ቀን በሃቢባ ነጠላ ጫማ ዋለ። ገነቴ ግድግዳው ላይ ተደፍታ «አለ! አለ!» ስትል ድምጿ ተዘጋ፤ ቤቱ አልሰማትም። በሦስተኛው ቀን ሃቢባ ገነቴን ሻንጣ አስይዘው ወደ መንገዱ አወጧት፤ እንደ እንግዳ «አልጋ አለ?» እንድትል አደረጉ። እሳቸው ደግሞ የራሳቸውን ፍራሽ አውጥተው ግድግዳው ስር አነጠፉና «አለ» አሉ። በሩ ተመለሰ። ቅቤው ትንሽ ከመሽተቱ በቀር ምንም አልሆነም።

«ቤቱ ያፈረሰውን አፍ አያምንም» አሏት ያኔ ረምላን። «ለማፍረስ የማንም አፍ ይበቃል፤ የሚመልሰው ግን ሌላ የቤት ሰው ነው። እሱም ከልቡ።»

ፉአድ የሄደው የዛሬ አስራ አንድ ወር ነው። ሆሳዕና ባትሪ ልገዛ ብሎ ወጣና ከሞያሌ ደወለ። ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት እዚህ አካባቢ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል፤ ስለዚህ ማንም «ለምን?» አላለም። ዘሀራም አላለችም። ስልኩን ዘግታ የጎመኑን መደብ ትኮተኩት ጀመር፤ ቀኑን ሙሉ ኮተኮተች።

ያን ዕለት ምሽት እንግዳ ሳይመጣ ስድስተኛ በር መጣ። ጠዋት ደግሞ አልሄደም። ውስጡ አንድ አልጋና አንድ በርጩማ ነበር። ረምላ የገባት ወዲያው ነው። አንሶላ አነጠፈች፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልታ በርጩማው ላይ አስቀመጠች፣ በሩን ዘጋች። በማግስቱ አንሶላው ተጨማድዶ፣ ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ አገኘችው። በየቀኑ እንዲያ ነበር። አንዳንዴ አልጋው ላይ ቀይ አፈር ይገኛል። አንዴ የማታውቀው ዛፍ ቅጠል ተገኘ። ፉአድ ስልክ ባይደውልም የትም ይሁን የት ያድራል፣ ውሃም ይጠጣል። ዘሀራ ጠዋት ጠዋት ገብታ ትራሱን ታሸትና ትወጣለች። እንዲህ እያሉ አስር ወር ኖሩ፤ ደስታ ባይሆንም የሚኖር ኑሮ ነበር።

ከሃያ ሁለት ቀን በፊት ግን ጠርሙሱ እንደተሞላ ተገኘ። አንሶላውም እንደተነጠፈ ነበር።

ረምላ መጀመሪያ ቀን መንገድ ላይ ሆኖ ነው አለች። ሁለተኛ ቀን ሌላ ቦታ አድሮ ነው አለች። በሦስተኛው ቀን የምትለው አለቀባት። በአራተኛው ቀን ከፉአድ ጋር አብሮ የወጣው የጎረቤት ልጅ ሀብቴ፣ ማላዊ ገብቶ ኖሮ፣ በኢሞ ደወለ። ምስሉ ይቆራረጥ ነበር፤ ድምፁ ግን ደህና አድርጎ ይሰማል።

«ትኩሳት ነበረው ረምላ። ጫካ ውስጥ ነው። ሂዱ አለን፣ እደርስባችኋለሁ አለን። ዛፍ ስር አስቀምጠነው... ውሃ እንኳ አልነበረንም የምንተውለት።»

ዘሀራ ከኋላ ቆማ ሰምታለች።

ከዚያ በኋላ ረምላ በቀን ሦስቴ፣ አራቴ ያንን በር መክፈት ጀመረች። ከትምህርት ቤት ሮጣ ትመጣለች፤ ደብተሯን ሳታስቀምጥ በሩን ትከፍታለች፤ ውሃው ሙሉ ነው። ልቧ ሲያልቅባት አንድ ቀን የማይደረግ አደረገች፤ አንሶላውን በእጇ አጨማደደችና «እማ፣ ነይ እይ» አለች። ዘሀራ ገብታ አየች።

«ፉአድ በግራ ጎኑ ነው የሚተኛው» አለች፣ አንሶላውን እያስተካከለች። «አንቺ በቀኝ በኩል ነው ያጨማደድሽው።»

ረምላ ከዚያ ወዲያ አፍራ የእናቷን ዓይን ማየት አቃታት።

የፉአድ አጎት ሸምሱ ደግ ሰው ናቸው፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ። መጥተው ተቀመጡና ለዘሀራ ረጋ ብለው ነገሯት። ሰው እንዲሁ ተንጠልጥሎ አይቀርም፤ አስከሬን ባይኖርም ይሰገድለታል፤ ዱዓ ይደረግለታል፤ እናት ታለቅሳለች፤ ጎረቤት ያስተዛዝናል። አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ድንኳን ይተከል። ዘሀራ በጭንቅላቷ እሺ አለች። ረምላ ዕቃ ቤት ገብታ እጇን ነከሰች። አርብ በዚያ ግቢ ሰባ ሰው፣ ሰማንያ ሰው ተቀምጦ «ፉአድ የለም» ሊል ነው። በሩ ደግሞ አንድ ሰው እንኳ አይችልም።

እንግዲህ ስድስት ቁጥርን ከሰማንያ ሰው አፍ እንዴት እንደምትጠብቅ ስታወጣ ስታወርድ ነበር ረምላ። ሰዎቹን ከግቢ ውጭ ማስቀመጥ አሰበች። ሁሉም በሀዲይኛ ብቻ እንዲያለቅሱ ማስማልም አሰበች። ከራሷ አፍ መጠበቅ ግን አልመጣላትም።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ጠዋት ክፍል ውስጥ መምህሩ ስም ጠርተዋል። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ስም ጥሪ ዘንድሮ አሳዛኝ ነገር ሆኗል፤ ግማሹ መንገድ ላይ ነው። ስም ይጠራል፣ ወንበሩ አጠገብ ያለው ልጅ «የለም» ይላል፤ ስም ይጠራል፣ «የለም»። ረምላ ራሷ ለአራት ጓደኞቿ መልሳለች። ምላሷ ያንን ይዞ ነው ቤት የገባው።

ከሰዓት አጵሎስ መጣ። አጵሎስ የቀበሌ ሠራተኛ ነው፤ በሞተር ብስክሌት እየዞረ ወጣት ይመዘግባል። ዝናብ እየመጣ ስለነበር ረምላ አንሶላዎቹን ከገመድ ላይ እየሰበሰበች ወደ በረንዳው ትሮጣለች። እሱ በረንዳው ላይ ቆሞ መዝገቡን ገለጠ።

«ረምላ ፈትሁዲን።»

«አለሁ፣ ታየኝ የለ?»

«ፉአድ ፈትሁዲን፣ ሃያ ዓመት። አለ?»

«የለም» አለች።

የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። አንሶላዎቹ ከእጇ ወደቁ። ዞር ስትል ከአምስት ቁጥር ቀጥሎ ያለው ግድግዳ ልስን ነበር፤ በር የነበረበት ምልክት እንኳ አልተረፈም። በእጇ ዳበሰችው፤ ቀዝቃዛ ጭቃ ነው። «አለ» አለች። «አለ፣ አለ፣ ወንድሜ አለ፣ ተሳስቼ ነው፣ ቤት የለም ማለቴ እንጂ—» ይባስ ብላ ደገመችው። አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

አጵሎስ ነገሩ ቶሎ ገባው፤ የዚሁ አገር ልጅ ነው። መዝገቡ ላይ የጻፈውን በእስክሪብቶው ሰረዘና አሳያት።

«ይኸው፣ እኔ "አለ" ብዬ ጽፌዋለሁ» አላት።

ቤቱ ግን አጵሎስን የቤት ሰው አድርጎ አይቆጥረውም። ግድግዳው እንደዚያው ቆየ። ዝናቡ መጥቶ አንሶላዎቹን ሁሉ አበሰበሳቸው፤ የሚያነሳቸውም አልተገኘም።

ሐሙስ ረምላ እናቷ እግር ስር ተቀመጠች። ዘሀራ ለነገው ቆጮ እያዘጋጀች ነበር፤ ለለቅሶ የሚመጣ ሰው ይበላል። ሁለቱ እንደ ወትሮው በሀዲይኛ ነው ያወሩት።

«እማ፣ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እኔን አይሰማኝም። ነገ ውጭ ወጥቼ እጠይቃለሁ። አንቺ ከውስጥ "አለ" በይ። በአማርኛ። አንድ ቃል ናት።»

ዘሀራ እጇን አላቆመችም።

«ሀብቴ የነገረንን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ውሃው እንዳልጎደለ አይተሻል?»

«አይቻለሁ። ግን በሩ ነበር እማ። ሳይጠጣም በሩ ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት እንጂ እሱ ራሱ አልሄደም።»

«ረምላ» አለች ዘሀራ፣ አሁን እጇን አቁማ። «አስራ አንድ ወር አላለቀስኩም። ባለቅስ ይጠፋብኛል ብዬ። ጎመን ስኮተኩት፣ ትራስ ሳሸት፣ አንድ ቀን ጮክ ብዬ አላለቀስኩም። ነገ አልቅሺ ብለውኛል። እሷንም ልትነሺኝ ነው?»

ረምላ ጭንቅላቷን እናቷ ጉልበት ላይ አደረገች። ዘሀራ ቆጮ የነካውን እጇን ልጇን እንዳያቆሽሽ ወደ ላይ አንስታ እንደያዘች ቆየች።

አርብ ሰዎቹ ከመስጊድ ቀጥታ መጡ። ኮፍያቸውን እንዳደረጉ በአግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ሴቶቹ በዘሀራ ዙሪያ ተቀመጡ። ወጣቶች የድንኳኑን ብረት ከጋሪ ላይ ማውረድ ጀመሩ። ረምላ የፉአድን የትምህርት ቤት ቦርሳ ጀርባዋ ላይ አንግታ ከግቢው ወጣች። መንገዱን ተሻግራ፣ ከበርሜሉ ክዳን ትይዩ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ቤቱ መለሰች።

«ቤቶች!» ብላ ተጣራች። «አልጋ አለ?»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። የመለሰላት የለም።

«ቤቶች! ፉአድ አለ?»

አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ከወንዶቹ አንዱ «ልጅቷ ነገሩ ከበዳት» አለ። አንድ ሚኒባስ በረምላ ፊት አልፎ ጭቃ ረጨባት፤ አልጠረገችውም።

«ፉአድ አለ?» አለች ሦስተኛ ጊዜ። ይሄኛው ጥያቄም አይመስልም ነበር፤ ልመና ነው።

ሸምሱ ሊያመጧት ተነሱ። ግማሽ ግቢ ሳይሄዱ ዘሀራ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። ወደ ክፍሏ ገባች። ስትወጣ የራሷን ፍራሽ እየጎተተች ነው፤ ከባሏ ጋር የተኛችበትን፣ ሁለቱንም ልጆች የወለደችበትን የጥጥ ፍራሽ። እርጥቡ መሬት ላይ፣ ከአምስት ቁጥር ቀጥሎ ካለው ግድግዳ ስር፣ አነጠፈችው። ቀና ስትል ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ነበር።

«ፉአድ» አለች፣ በዚያች በተሰባበረች የመንገድ አማርኛዋ፣ «ፉአድ ገበያ ሄዷል።»

ሸምሱ ባሉበት ቆሙ።

«የት ገበያ፣ ዘሀራ?» አሏት ቀስ ብለው።

«ሩቅ ነው። መንገዱ መጥፎ ነው።» ፊቷን ወደ መንገዱ፣ ወደ ልጇ አዞረች። «አለ» አለች። «ልጄ አለ። አለ።»

በሦስተኛው «አለ» ላይ ድምጿ ተሰበረና አለቀሰች። አስራ አንድ ወር ያጠራቀመችውን ነው ያለቀሰችው፤ ጮክ ብላ፣ አፏን ሳትይዝ፣ «አለ» እያለች። ሴቶቹ ለመያዝ ተነሱና ምን ብለው እንደሚያጽናኗት ስላላወቁ አብረዋት አለቀሱ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ዘይት ያልተቀባ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል የሰማችው ረምላ ብቻ ናት። መንገዱን ግራ ቀኝ ሳታይ ተሻገረች።

በሩ ተመልሷል። ጠበብ ብሏል፤ ሰው ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚገባው። አልጋው ነበር፤ ጠርሙሱም በርጩማው ላይ እስከ አፉ ሙሉ ሆኖ ነበር።

ሸምሱ በሩን አይተው፣ ዘሀራን አይተው፣ ወጣቶቹን የድንኳኑን ብረት ወደ ጋሪው እንዲመልሱ በእጃቸው ጠቆሙ።

«ዱዓ ለመንገደኛም ይደረጋል» አሉ። «ለዚያ እንደመጣን እንቁጠረው።» ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። ቆጮውም ተበላ።

እኔ ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆመው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ቅዳሜ ጠዋት ጠርሙሱ ሙሉ ነበር። ዘሀራ ከነጠላዋ ጥለት ላይ ቀይ ክር መዝዛ ውሃው በቆመበት ልክ በጠርሙሱ ዙሪያ አሰረችው፣ ዓይን እንዳያታልል ብላ። እሁድ ውሃው ክሩ ላይ ነበር። ሰኞም ክሩ ላይ። ረምላ ትምህርት ቤት ሄዳ የቀሩት ጓደኞቿ ስም ሲጠራ ዝም አለች፤ መምህሩ «ምን ሆንሽ?» ሲሏት «ገበያ ሄደዋል» ብላ ክፍሉን አሳቀችው፤ እሷ አልሳቀችም። ቤት ስትመለስ የዛሬን ብቻ ልይ ትላለች፣ አይታ ትወጣለች፣ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ግን አብሯት ይወጣል። ማታ ማታ ዘሀራ ባዶ ወለል ላይ ነው የምትተኛው፤ ፍራሿን ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ ደርባዋለች።

ማክሰኞ ረምላ ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትወጣ እናቷን ስድስት ቁጥር ውስጥ አገኘቻት። ዘሀራ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ነይ» አለች። «የአንቺ ዓይን ይሻላል።»

ረምላ ተንበረከከች። ክሩ ባለበት ነበር። ውሃው ከክሩ በታች ነበር። ጣቷን አስጠጋች፤ ሁለት ጣት ያህል ጎድሏል።

«ፈሶ ይሆናል እማ» አለች፤ እንደገና ተስፋ አድርጋ እንደገና መውደቅ ፈርታ ነው።

ዘሀራ ክዳኑን አጥብቃ ጠርሙሱን ዘቀዘቀችው። አንድ ጠብታ አልወጣም። በርጩማውን ዳበሰች፣ ደረቅ ነው። ከዚያ አንሶላውን አየች፤ አልተጨማደደም፤ በግራ በኩል ግን፣ ጫፉ ላይ፣ ሰው ሊቀመጥ ሲሞክር የሚሆነውን ያህል ጎድጎድ ብሏል።

ከውጭ አንድ ሹፌር ክላክሱን ነፍቶ «ቤቶች! አልጋ አለ?» እያለ ይጣራ ነበር። ዘሀራ ጠርሙሱን ለልጇ ሰጠቻት።

«ሙዪው» አለቻት።